በጀሪካን የወረደ ጠበል

ትርንጎ እናቷን የምታስታምም ሴት ናት። እናቷ ግማሽ አካላቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩን መነኩሴ፣ እማሆይን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸውና ጉልበታቸውን ስማ እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፦

«እማሆይ፣ ጧት ጧት ጎረቤቴን እናቴ ዘንድ አስቀምጬ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ። ልብስ አላጥብም፣ ውኃ አልቀዳም፤ ዝም ብዬ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። ስመለስ ልቤ ረግቶ፣ ፊቴ ተፈትቶ ነው የምገባው። መንገዱን ሳጋምስ ግን ‹እናትሽን ጥለሽ ዛፍ ስታዪ ትውያለሽ?› የሚል ድምፅ ይወቅሰኛል። ልተወው ወይ? ኃጢአት ነው ወይ?»

እማሆይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ጎናቸው ያለውን ድንጋይ በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው አስቀመጧትና ጀመሩ።

ባለጸጋ ሰው ነበረ፤ ሁሉ ሞልቶለት ዕረፍት የጎደለው።

ይህ ሰው የወፍጮ ቤቶች ባለቤት ነበር። መኖሪያ ቤቱ ከትልቁ ወፍጮ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ስለተሠራ፣ ሲበላም ሲጸልይም ሞተሩ ከጆሮው አይጠፋም። እሑድ ሞተሩ ሲቆም እንኳ ለእሱ አይቆምለትም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ መፍጨቱን ይቀጥላል። የትናንቱን ነገር ይፈጫል፣ የነገውን ይፈጫል፤ እገሌ ምን እንዳለው፣ እሱስ ምን ብሎ ሊመልስለት ይገባ እንደነበር ይፈጫል። ሳይሮጥ ልቡ ይመታል። እንቅልፍ ከዓይኑ ከራቀ ቆይቷል።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ብቻውን አይጎዳም፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚጎዳው። ሠራተኞቹን ይሰድባል። እህል ተሸክመው የመጡትን ሴቶች እንደ ዕዳ ያመናጭቃል። ሻይ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ብርጭቆ ይወረውራል። ልጆቹ የእግሩን ኮቴ ሲሰሙ ሳቃቸውን ይውጡ ጀመር። አንድ ቀንም በእንግዳ ፊት ለሚስቱ የማይባል ቃል ተናገራት። ቃሉ ይቅር፤ እሷ ግን ሰምታዋለች።

ሚስቱ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። ትዕግሥተኛ ሰው ሲበቃው ግን አይጮኽም። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስማኝ፣» አለችው፤ «እኔ ያገባሁት አንተን ነው፤ ሞተሩን አይደለም። ፍልሰታ እስኪፈታ እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ ልብህ ካልተመለሰ ልጆቼን ይዤ ወንድሜ ቤት እገባለሁ።»

«ትዝቺብኛለሽ?»

«አልዛትኩም። ቀኑን ነገርኩህ።»

ሰውየው ደነገጠ። ሚስቱ ያለችውን እንደማታጥፍ ያውቃል። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ ደሙን አስመርምሮ፣ «ልብዎ ደኅና ነው፤ የጎደለዎት ዕረፍት ነው። ከሥራው ራቅ ይበሉ» ብሎ ሰደደው። ሰውየው ግን የሚዋጥ ኪኒን ነበር የፈለገው። ተናዶ ወጣ፤ በዚያው ንዴቱ ወደ ነፍስ አባቱ ሄደ።

ነፍስ አባቱ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣ «ተራራው ላይ ያለውን ጠበል ታውቀዋለህ» አሉት። «ሱባኤ ያዝ። ጧት ጧት በእግርህ ውጣ። ደኑ መግቢያ ላይ ጫማህን አውልቅ። ጠጣ፣ ተጠመቅ። ከዚያ ነፋስና ፀሐይ እስኪያደርቅህ ዛፍ ሥር ተቀመጥ። ገላህን በፎጣ አታድርቅ። ሳትደርቅም አትነሣ።»

«አባቴ፣ ወፍጮውን ማን ያይልኛል?»

«አንተ ከሌለህ አይፈጭም?»

«ይፈጫል። ግን ያበላሹብኛል።»

«አሁን ካንተ የበለጠ የተበላሸ ነገር አለ?» አሉት ቄሱ።

ሰውየው መስቀል ተሳልሞ ወጣ። መንገድ ላይ ግን ብልኃት መጣለት። «ኃይሉ ያለው ከጠበሉ ነው» አለ በልቡ። «ጠበል ደግሞ በጀሪካን ይወርዳል። ባሕር ማዶ እንኳ የሚሻገር ጠበል፣ ከተራራ ቤቴ መውረድ ያቅተዋል? እኔ የምወጣው ስለምን ነው? ሰው እያለኝ!» ቤቱ እንደደረሰም ዘበኛውን ጠራው።

ይህ ዘበኛ ሰፈሩ በሙሉ የሚሸሸው ሰው ነበር። የሚጣላው ሰው ሲያልቅበት ከውሻ ጋር ይጣላል ይሉታል። በሩ ላይ ቆሞ የገባውን «ምን ልትሠራ መጣህ?»፣ የወጣውን «ምን ይዘህ ትወጣለህ?» እያለ ሲያካልብ ይውላል። የጌታው ንዴት ቁልቁል ሲወርድ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለነበር፣ እሱም በተራው ለአላፊ አግዳሚው ያካፍላል።

«ጋሼ፣ እኔ ዘበኛ ነኝ እንጂ አህያ ነኝ?» አለ፣ ቢጫውን ጀሪካን ሲያይ።

«ውጣ አልኩህ!»

ወጣ። እያጉረመረመ ወጣ።

ያ ጠበል ከጥንት ጀምሮ ምሳር ነክቶት በማያውቅ ደን መካከል ነው የሚፈልቀው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ደረቅ እንጨት እንኳ አንሥቶ የሚወጣ የለም። ደግሞ ሥርዓት አለው። ቅድሚያ ለሕመምተኛ ነው፤ በዕቃ ቀድቶ የሚሄድ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ጫማ ወልቆ፣ ድምፅ ዝግ ብሎ፣ ጀሪካን በሰልፍ ተደርድሮ፣ ባለቤቱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ዘበኛው የመጀመሪያውን ጧት ሲነሣ ሲቀመጥ፣ ሲነሣ ሲቀመጥ አረፈደ። ሊጣላ ፈለገ፤ የሚጣላው አጣ። ተራ ጠባቂዎቹ ወይ ይጸልያሉ ወይ ዝም ብለዋል። ከዝምታ ጋር ደግሞ እንዴት ይጣላል? በማግስቱ እንደምንም ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው ቀድሞ ይነሣ፣ ቀድሞም ይወጣ ጀመር።

ጀሪካኑ በየቀኑ ሞልቶ ወረደ። ባለጸጋውም መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ጠጣ፣ ራሱ ላይ አፈሰሰ፣ በወፍራም ፎጣ ገላውን አደራረቀና እየሮጠ ወደ ወፍጮው ገባ። ግድግዳው በሞተሩ ስለሚናጥ፣ ኩባያው ውስጥ ያለው ጠበል እንኳ እየተንቀጠቀጠ ነበር ወደ አፉ የሚደርሰው። ቀኖቹ አለፉ። እንቅልፍ የለም። ልቡ ይመታል። ቁጣውም ባሰበት፤ በጠበል ያልዳነ ሰው ተስፋው ሁሉ ያለቀበት ይመስለዋልና።

ዘበኛው ግን ሌላ ሰው ሆነ። በር ላይ ቆሞ ለሴቶቹ «እንደምን አደራችሁ» አለ። አንደኛዋ ደንግጣ ለጓደኛዋ «ምነው? ሰውዬው ታመመ እንዴ?» አለቻት። ሌላዋ የያዘችውን ከረጢት ተቀብሎ ሲያወርድላት ሊሰርቃት መስሏት ጮኸች። ይሸሸው የነበረው ውሻም እግሩ ሥር መጥቶ ተኛ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ፣ ማዕድ ላይ ሳሉ ሚስቱ፣ «ዘበኛህን አይተኸዋል?» አለችው። «ሰው ሆኗል እኮ።»

ባለጸጋው የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አኖረው። ዘበኛው ጧት ጧት ጠበል ይቀዳል፤ እሱ ይጠጣል። ዘበኛው ዳነ፤ እሱ አልዳነም። ታዲያ ፈውሱ የት ሄደ? «አገኘሁት!» አለ በልቡ። «የኔን ጠበል እየጠጣ፣ ጀሪካኑን ከሰፈር ቦኖ ሞልቶ ነው የሚያመጣልኝ! ፈውሴን ሰርቆኛል! ትዳሬን የሚያፈርሰው ይህ ሌባ ነው!»

በማግስቱ፣ ሊይዘው ቆርጦ፣ ጋቢ ተከናንቦ ተከተለው።

ሲከተል መንገዱ ሽቅብ ነው። ከጎልማሳነቱ ወዲህ ያን ዳገት በእግሩ ወጥቶት አያውቅም። ሁለቴ ቆሞ ተነፈሰ፤ ዘበኛው ግን ጀሪካኑን እያወዛወዘ እንደ ፍየል ይወጣል። ቦኖው ጋ ሲደርስ አልቆመም። «ሲመለስ ይሆናል» አለ ባለጸጋው። ደኑ መግቢያ ላይ አንዲት መነኩሴ በጣታቸው እግሩን አሳዩት፤ «ጫማ!» አሉት። ሊከራከር አፉን ከፈተ። ከተከራከረ ዘበኛው ድምፁን ይሰማዋል። ዝም ብሎ አወለቀ። ስልኩም ጮኾ እንዳያጋልጠው ዘጋው።

ባዶ እግሩ የረገፈ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቱ ወጣ። ደንግጦ ቆመ። አንድ መታጠፊያ እንዳለፈ የከተማው ድምፅ ከኋላው ተቆረጠ፤ በር የተዘጋ ያህል። ከትልቅ ዝግባ ኋላ ተደብቆ ሥሩ ላይ ቁጭ አለ።

ዘበኛው ጀሪካኑን ከሰልፉ ጭራ አኖረና ወይራ ሥር ተቀመጠ። ባለጸጋው ጠበቀ። «አሁን ይነሣል» አለ። አልተነሣም። «አሁን ያጭበረብራል» አለ። ዘበኛው እጁን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ዛፍ ዛፉን ያያል። ሌላ የሚያደርገው የለም።

ልጄ፣ ይህን ልብ በዪ። ባለጸጋው ያን ጧት መጮኽ አይችልም፤ ይሰማል። መሄድ አይችልም፤ ሌባው ያመልጠዋል። ስልክ የለው፣ የሚያዘው ሰው የለው። የቀረው ማየት ብቻ ነው። ስለዚህ አየ። ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ ፍሬ ስትጎትት፣ ስትጥል፣ ተመልሳ ስትይዝ አየ። ጉሬዛዋ ነጭ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከጽድ ወደ ጽድ ስትዘል አየ። ነፋሱ ከሩቅ፣ ከደኑ ጫፍ ተነሥቶ፣ ቅጠሉን እያንሿሿ፣ ቀስ እያለ መጥቶ እሱ ላይ ሲደርስ ሰማ። የለመደውን ነገር ሊፈጭ ይጀምራል፤ ዋኖስ ትጮኻለች፤ የጀመረው ይጠፋዋል። እንደገና ይጀምራል፤ የዛፍ ጭማቂና የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል፤ እንደገና ይጠፋዋል። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ወፍጮ የሚፈጨው እህል አጣ። ባዶውን ትንሽ ዞረ፣ ከዚያ ዝግ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ሰውየው ጀርባውን ለዝግባው ሰጠ። ሌባ እንደሚጠብቅ ረሳ። ተኛ።

ሲነቃ ጥላው ወደ ሌላው ወገን ዞሯል። ጋቢው ላይ ቅጠል ረግፎበታል። ዘበኛው ጀርባውን ሰጥቶት፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ ከሞላው ጀሪካን ጎን ተቀምጧል።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እጠብቃለሁ ጋሼ። ዘበኛ ነኝ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ማንኮራፋት ከጀመሩ ጀምሮ። ጉሬዛዎቹ ሸሽተው ነበር፤ ገና አሁን ነው የተመለሱት።»

ባለጸጋው ሳቀ። ድምፁ ለራሱ ለጆሮው እንግዳ ሆነበት። ሳቁ ሲያልቅ ግን የመጣበትን አልተወም፤ «እውነቱን ንገረኝ፣» አለው፤ «ይህን ጠበል ትጠጣለህ?»

«እጠጣለሁ።»

«ለእኔስ የምታመጣው?»

«ያው ነው። ምንጩ አንድ ነው።»

«አንተ ዳንክ። እኔ ለምን አልዳንኩም?»

ዘበኛው ራሱን አከከ። «እኔ ምን አውቄ ጋሼ? እኔ ወረፋ ስጠብቅ ነው የማረፍደው።»

ባለጸጋው ተነሥቶ ወደ ምንጩ ሄደ። በእፍኙ ጠጣ፣ ተጠመቀ፤ ተመልሶም ፀሐይ ላይ ተቀመጠና እስኪደርቅ አልተነሣም።

ጠበሉ ኃይል የለውም ማለቴ አይደለም። እግዚአብሔር ቢወድ በጀሪካንም ያድናል፤ ካልጋው መነሣት ያልቻለ ስንቱ ከቤቱ ሆኖ ጠጥቶ ድኗል። ይህ ሰው ግን እግር ነበረው። ቄሱ ያዘዙለት ውኃውን ከዳገቱ፣ ከባዶ እግሩ፣ ከዛፉ፣ ከዝምታው ጋር ነው። እሱ ውኃውን ለይቶ ወሰደና ሌላውን ለዘበኛው ተወለት።

ወደ ከተማ ሲወርዱ ወፍጮው ቆሟል። ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጥሶ ነበር። ሴቶቹ ከነከረጢታቸው ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሚስቱ ደግሞ በረንዳው ላይ ናት፤ የታሰረ ሻንጣ ከጎኗ አለ። ጾሙ በማግስቱ ይፈታ ነበርና። ሁሉም ስድቡን ይጠብቃል። እሷ ከሁሉም ይልቅ ትጠብቃለች።

ሰውየው የተበጠሰውን ቺንጋ አንሥቶ አየው። ንዴቱ ሲነሣ ተሰማው፤ ያው ንዴት ነው፣ የትም አልሄደም። ግን እንደ ነፋሱ ከሩቅ ሲመጣ ታየው፤ ከመድረሱ በፊትም ትንሽ ጊዜ አገኘ።

«የተጎዳ ሰው አለ?» አለ።

«የለም ጋሼ።»

«ተመስገን። በሉ እነዚህን እናቶች ጥላ አስገቧቸው፤ የሚጠጣም ስጧቸው። ቺንጋው ይቀየራል።»

ከሴቶቹ አንዷ ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አድርጋ፣ «ተላላፊ ነው መሰለኝ» አለቻት።

ሰውየው ወደ በረንዳው ወጣ። ሻንጣውን አየ፤ «አትሂጂ» አላላትም። «አንድ ጧት ነው የሄድኩት፣» አላት፤ «ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ነገም እወጣለሁ፤ ከነገ ወዲያም እወጣለሁ። ጀሪካኑ ቀርቷል። ያን ቀን በሰው ፊት ስላልኩሽም በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

እሷ እግሩን ነበር የምታየው። ጫማው እንኳ ሳይወለወል ከቤት የማይወጣው ሰው በባዶ እግሩ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አፈር ለብሷል። ጫማውን ደኑ በር ላይ ረስቶ ከተማውን አቋርጦ መጥቷል፤ እሱ ገና አሁን፣ ዓይኗን ተከትሎ ነው ያወቀው።

«ነገ እኔም እወጣለሁ፣» አለች። «ይህ ሞተር እኔንስ መቼ አስተኛኝ?»

ሻንጣውን ወደ ውስጥ አስገባችው እንጂ ያን ዕለት አልፈታችውም። ብልህ ሴት ናት። የፈታችው ክረምቱ ወጥቶ፣ ባሏ ዳገቱን ቆሞ ሳይተነፍስ መውጣት ሲጀምር ነው።

እማሆይ እዚህ ላይ አቆሙ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጠበሉ እግዚአብሔር በወንዙና በዛፉ ያኖረልን ዕረፍት ነው። ጀሪካኑ ‹እኔ ሳልሄድ እሱ ይምጣልኝ› ማለታችን ነው። ባለጸጋው ደግሞ ያ መንገድ ላይ የሚወቅስሽ ድምፅ ነው። ቤት የዋለ ሁሉ ለቤቱ የዋለ ይመስለዋል። ያ ሰው አንድ ቀን ከቤቱ ሳይጠፋ ቤቱን ሊያፈርስ አልነበር? እናትሽን የምታገላብጪው በእጅሽ ነው። የታከተው እጅ ሳያስበው ይቆነጥጣል፤ ያረፈ እጅ ይደግፋል። እናትሽ ልዩነቱን ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ገላቸው ነውና። ሂጂ። ኃጢአት የለበትም።»

ትርንጎ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እማሆይ ትከሻዋን ያዙ።

«ቆዪ፤ አልጨረስኩም። ስትመለሺ ለእናትሽ ምን ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ያየሁትን እነግራታለሁ። ወንዙ ሞላ፣ ሾላው አፈራ፣ ዳክዬዎቹ መጡ እላታለሁ።»

«ደስ ይላቸዋል?»

ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። «ትሰማኛለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።»

«አየሽ፣» አሉ እማሆይ፤ «ለእሳቸው በጀሪካን ነው የምታመጪላቸው። ልብሽ ፈጽሞ አልዋሸሽም፤ የሚወቅስሽበትን ነገር ብቻ ነው የሳተው። ጥፋቱ መሄድሽ አይደለም፤ ብቻሽን መሄድሽ ነው።»

«እማሆይ፣ እናቴ እኮ መቀመጥ እንኳ አትችልም!»

«ዕድራችሁ ቃሬዛ የለውም?»

«አለው። ግን እሱ ለሐኪም ቤት ነው፤ ሰው ሲጠናበት…»

«ሰው ሊሞት ሲል የሚሸከም ትከሻ፣ ሰው ሊያርፍ ሲል ይደክመዋል? ከዚህ ቀጥ ብለሽ ወደ ዕድሩ ዳኛ ሂጂ። ‹ምን ሆኑ?› ቢልሽ፣ ‹ምንም አልሆነችም፤ ወንዝ ልታይ ነው› በዪው። ይስቅብሽ። ስቆ ሲጨርስ አራት ሰው ይሰጥሻል። ነገ ጧት ስትወርጂ፣ እናትሽ ከፊትሽ ይሁኑ።»